«ጥቅም»፣ «ጠቀሜታ»፣ «ጥቅመኝነት»፦ የዩቲሊታሪያኒዝምን ሙያዊ ቃላት ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

አንድ የፍልስፍና ትምህርት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሸጋገር አስቀድሞ ለፈተና የሚቀርበው ስሙ ነው። ስሙ ከተዛባ፣ ዝርዝሩ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢተረጎም፣ አንባቢው በርዕሱ ላይ ያደረበትን ስሜት ይዞ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ዩቲሊታሪያኒዝም ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ቃሉ «ጥቅመኝነት» ተብሎ ቢመለስ አማርኛ ተናጋሪው የሚረዳው የግል ጥቅሙን የሚያሳድድን ሰው ጠባይ ነው፤ ትምህርቱ ግን የሚያዘው የዚህን ተቃራኒ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፅንሰ ሐሳቡን ይዘትና የስያሜውን ታሪክ ባጭሩ ገልጾ፣ ለአቻነት ሊቀርቡ የሚችሉትን የአማርኛ ቃላት መመዘን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የፅንሰ ሐሳቡ ይዘት

እንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ ጄረሚ ቤንታም (1748–1832) በ1780 አሳትሞ በ1789 ለንባብ ባበቃው የሥነ ምግባርና የሕግ አወጣጥ መርሖች መግቢያ በተሰኘው መጽሐፉ፣ የሰው ልጅ በሁለት ገዥዎች፣ ይኸውም በተድላና በሥቃይ፣ ሥር የሚያድር መሆኑን መነሻ አደረገ። ከዚህም ተነሥቶ የአንድ ድርጊት ወይም የአንድ ሕግ መልካምነት የሚለካው፣ የሚነካቸውን ሰዎች ሁሉ ደስታ በመጨመሩ ወይም በመቀነሱ ነው ሲል አስተማረ። በዚህ ስሌት ጌታውም ሎሌውም እኩል፣ እያንዳንዱ እንደ አንድ ይቆጠራል።

ጆን ስቱዋርት ሚል (1806–1873) በ1861 በመጽሔት፣ በ1863 በመጽሐፍ መልክ ባወጣው ሥራው ትምህርቱን አሻሻለ። ተድላዎች በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም ይበላለጣሉ አለ፤ ሰው በራሱና በሌላው ደስታ መካከል ሲዳኝም ጉዳዩ እንደማይመለከተው ተመልካች ከአድልዎ ነጻ መሆን እንዳለበት አጥብቆ አሳሰበ። እንግዲህ «ዩቲሊቲ» የተባለው ነገር የአድራጊው ትርፍ አይደለም፤ ድርጊቱ ለሚደርሳቸው ሁሉ የሚያስገኘው በጎ ውጤት ነው።

2. የስያሜው ታሪክ

የትምህርቱ ታሪክ ከትርጉም ሥራ ጋር የተሳሰረ ነው። ለብዙኃኑ የሚደርስ ከፍተኛ ደስታ የሚለውን ሐሳብ ፍራንሲስ ሃቺሰን በ1725 ጽፎት ነበር። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ ደግሞ በ1764 ስለ ወንጀልና ቅጣት በጻፈው መጽሐፍ ከፍተኛው ደስታ በብዙ ሰዎች መካከል «የተከፋፈለ» እንዲሆን ጠየቀ። መጽሐፉ በ1767 በእንግሊዝኛ ሲወጣ «የተከፋፈለ» የሚለው ቃል ጠፋ፤ የቀረው «የብዙኃኑ ከፍተኛ ደስታ» ብቻ ሆነ። ደስታው ለማን እንዴት ይታደላል የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣው ያ የጠፋው ቃል ነበር። ቤንታም በ1776 የተጠቀመበት አገላለጽ ይኸው የተከረከመው ነው። በመጨረሻ ዓመታቱ ግን አገላለጹ ብዙኃኑ ጥቂቶቹን እንዲጨቁኑ በር የሚከፍት መሆኑን ተገንዝቦ «ብዙኃን» የሚለውን ክፍል ተወው።

ቤንታም በራሱ ዋና ቃልም አልረካም። በ1822 በጻፈው ማስታወሻ «ዩቲሊቲ» የተድላንና የሥቃይን ሐሳብ በግልጽ ስለማያመለክት፣ ደስታን የሚጠቅሱ ቃላት የተሻሉ መሆናቸውን አምኗል። ዝናውን በአውሮፓ ያሰራጨውም ኤትየን ዱሞን በ1802 በፈረንሳይኛ አሰናድቶ ያሳተመው እትም ነበር። ሚል በበኩሉ «ዩቲሊታሪያን» የሚለውን ቃል ጆን ጎልት በ1821 ካወጣው ልብ ወለድ አግኝቼ በሥራ ላይ ያዋልሁት እኔ ነኝ ቢልም፣ ቃሉ በ1781 በተጻፈ የቤንታም ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል።

3. በማኅበራዊ አስተሳሰብ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ

ትምህርቱ በመጻሕፍት ተወስኖ አልቀረም። የቤንታም ረዳት የነበረው ኤድዊን ቻድዊክ በ1834 በወጣው የድሆች ሕግና በ1848 በወጣው የሕዝብ ጤና ሕግ ዝግጅት ዋና ተሳታፊ ነበር። ሁለተኛው ሕግ ለከተሞች ንጹሕ ውሃና የፍሳሽ ማስወገጃ የሚዘጋጅበትን መንገድ ከፈተ። የመጀመሪያው ግን የተረጂው ኑሮ ሠርቶ ከሚያድረው ከዝቅተኛው ሠራተኛ ኑሮ የባሰ እንዲሆን ደነገገ። አንዱ ስሌት የብዙዎችን ሕይወት ሲታደግ ሌላው የድሃውን ክብር ዝቅ አደረገ። ቻርልስ ዲከንስ በ1854 ባሳተመው ልብ ወለድ ሰውን በቁጥር ብቻ የሚመዝነውን መንፈስ ነቀፈ።

ሚል የፓርላማ አባል በነበረበት ጊዜ፣ በ1867፣ በምርጫ ሕጉ ረቂቅ ውስጥ ወንድን የሚያመለክተው ቃል ጾታ በማይለይ ቃል እንዲተካና ሴቶችም እንዲመርጡ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በ196 ተቃውሞና በ73 ድጋፍ ወደቀ፤ ሆኖም አንድ ቃል መለወጥ ምን ያህል መብት ሊሸከም እንደሚችል አሳይቷል። በሥነ ምጣኔ ሀብት ዊሊያም ስታንሊ ጀቮንስ በ1871 «ዩቲሊቲ»ን የዋጋ ትንተና መሠረት አደረገው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ ጆን ሮልስ ትምህርቱ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት ይዘነጋል ሲል ብርቱ ትችት አቀረበ፤ በተቃራኒው ፒተር ሲንገር በ1972 ከዚሁ አስተሳሰብ በመነሣት ባለጸጎች በሩቅ አገር ለተራቡ ሰዎች ያለባቸውን ግዴታ አስረዳ።

4. የአማርኛ ቃላት ሲመዘኑ

ሀ/ ጥቅመኝነት፦ «-ኝነት» የሚለው ምዕላድ ራሱ ነውር የለበትም፤ «አርበኝነት» ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን «ጥቅመኛ» በነቀፋነት ስለ ጸና የተገኘው ስም ፍርድን ከትርጉም ያስቀድማል። ተመሳሳይ ችግር በጃፓንኛም ደርሷል። ኒሺ አማኔ የሚልን መጽሐፍ በ1877 ሲተረጉም «ሪጋኩ» ብሎ ሰየመው፤ ኋላ የጸናው ስያሜ ደግሞ «ኮሪ ሹጊ» ነው። በሁለቱም ውስጥ ያለው «ሪ» በኮንፊሺየስ ተከታዮች ትምህርት ከጽድቅ ጋር የሚነጻጸር ትርፍ ስለሆነ ጥርጣሬን ይቀሰቅሳል።

ለ/ ጥቅም፦ ቃሉ «ኢንተረስት» ለሚለውም አቻ ሆኖ ያገለግላል፤ «ብሔራዊ ጥቅም»፣ «የጥቅም ግጭት» እንደሚባለው ነው። ቤንታም ሁለቱንም ቃላት ጎን ለጎን ስለሚጠቀም፣ ሁለቱን በአንድ ቃል መመለስ ክርክሩን ያደበዝዛል። በተጨማሪም «ሹሙ በጥቅም ተመራ» ቢባል የሚሰማው ክስ ነው።

ሐ/ ፋይዳ፣ ረብ፣ በቍዔት፦ «ፋይዳ» ለውይይት ይመቻል፤ ሆኖም ለእርባታ አይመችም። «ረብ» የሚታወቀው በአብዛኛው በአሉታ ነው። ግእዙ «በቍዔት» ከነቀፋ ነጻ ቢሆንም ለብዙው አንባቢ ባዕድ ነው።

መ/ የሕዝብ ደኅንነት ፍልስፍና፦ ይህ ስም ያለ ልክ ያሞግሳል። በስሌቱ ውስጥ ዋጋ የሚከፍሉትን ጥቂቶች ስለሚሸፍን፣ የሮልስን ትችት አስቀድሞ ያፍናል።

ሠ/ ጠቀሜታ፦ ከ«ጥቅም» ጋር ሥር ቢጋራም የግለኝነት ጥላ የለበትም። «ውሳኔው በጠቀሜታ መርሕ ተመዘነ» ሲባል ክስም ሙገሳም አይሰማም። ቃሉ ደስታን በቀጥታ አያመለክትም የሚል ተቃውሞ ሊነሣበት ይችላል። ይሁን እንጂ ቤንታም በ1822 በገዛ ቃሉ ላይ ያገኘው ጉድለት ይኸው ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱን ሳይሸሽግ የሚያስተላልፍ ቃል ለምንጩ የታመነ ይሆናል።

5. የውሳኔ ሐሳብ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉት አቻዎች ቢሠራባቸው የተሻለ ነው፦

ዩቲሊቲ — ጠቀሜታ፤ በሥነ ምጣኔ ሀብት ስለ ሸማች ሲነገር እርካታ
ዩቲሊታሪያኒዝም — የጠቀሜታ ፍልስፍና
ኢንተረስት — ጥቅም
ሃፒነስ — ደስታ
ፕሌዠር — ተድላ

«ተድላ» የሥጋን ምቾት ማስታወሱ ጉዳት አይደለም፤ ሚል መልስ ሊሰጥበት የተገደደው ክስ ትምህርቱ ለእንስሳ ተድላ የሚገባ ነው የሚል ነበርና። «ብዙኃን» የሚለው ቃል ግን ጥንቃቄ ይሻል። በምርጫ ያሸነፈውን ወገን ሊያመለክት ስለሚችል፣ የቤካሪያ ሐሳብ ሲተረጎም «ለተቻለው ያህል ብዙ ሰው የተከፋፈለ ከፍተኛ ደስታ» ማለት ይገባል። በ1767 የጠፋው ቃል በአማርኛ ዳግመኛ ሊጠፋ አይገባም።