አፉን የዘጋ ልጅ

«ያልተነካ ግልግል ያውቃል» ይላሉ አበው። እኛም ሳንነካ በፊት ግልግል የምናውቅ ይመስለን ነበር። በጋዜጣ አዘጋጅነት ዘመናችን ስለ ሕፃናት ጤና ስንቱን ጽሑፍ አርመናል፣ ለስንቱ ርዕስ አውጥተናል። ይሁንና ባለፈው የበረዶ ወራት፣ ሜሪላንድ ውስጥ በምንኖርባት ጠባብ አፓርታማ፣ የአሥራ ዘጠኝ ወር የልጅ ልጃችን አፉን ግጥም አድርጎ ሲዘጋብን ያ ሁሉ ቀለም አንዲት ማንኪያ ውሃ የማያስውጥ ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ የጀመረው ማታ ነው። እናቱ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ ልጁን ለእኛ ትታ ወጥታለች። በመጀመሪያ አስመለሰው፤ ቀጥሎ ተቅማጡ መጣ፤ ከዚያም አተኮሰው። እንደ ማንኛውም ሐበሻ ቤት ቀድመን የተጣደፍነው ልጁን ለማብላት ነበር። አጥሚት ተሠራ፤ ፊቱን አዞረ። እንቁላል ተጠበሰ፤ ማንኪያውን በእጁ መታው። አብሽ በማር ተበጠበጠ፤ ቀምሶ ተፋው። ባለቤታችን ጭንቅ ሲላት «እስኪ ያዝልኝና ልጋተው» አለች። ያዝንላት፤ ጋተችው፤ ትን አለው። ፊቱ የጠቆረባት ያቺ ቅጽበት ዛሬም ከዓይናችን አልጠፋችም።

ደሴ ለሚገኙት አማታችን ተደወለ። ሰባት ልጅ ያሳደጉ እናት ናቸው። «ልጄ፣ እንጥሉ ወርዶ ነው እንጂ ምግብ እንዲህ አያስጠላውም፤ እዚያ አገር የሚቆርጥ አዋቂ የለም ወይ?» አሏት። በክፋት አይደለም፤ ያዩትንና የወረሱትን ነው የተናገሩት። በአገራችን መብላት ያቃተው ሕፃን «እንጥሉ ነው» ወይም «ግግ ነው» እየተባለ ስንቱ ጉሮሮው ተቆርጧል፤ የስንቱ ያልበቀለ ጥርስ ከድዱ ተፈልቅቆ ወጥቷል። ትርፉ ደም መፍሰስ፣ የቁስል መመረዝ፣ አንዳንዴም ሞት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ይህንን ከጎጂ ልማዶች ቆጥሮ በወንጀል ያስጠይቃል። ቢሆንም ሕግ የጨነቃትን እናት ብቻውን አይመልስም፤ ሌላ መላ የሚያሳያት ሰው ያስፈልጋታል።

ለእኛ መላውን ያሳየችን ወደ ልጁ ሐኪም የሌሊት ስልክ ስንደውል ያገኘናት ነርስ ነበረች። የሚገርመው፣ ስለ ምግብ አንድም ነገር አልጠየቀችንም። ይጠጣል ወይ? ሲያለቅስ እንባ ይወጣዋል ወይ? ዳይፐሩ ለመጨረሻ ጊዜ በሽንት የረጠበው መቼ ነው? ዓይኑ ሰርጉዷል ወይ? ሲጠሩት ያያል ወይ? ነበር ጥያቄዋ። ምክሯ ባጭሩ ይህ ነው፦ የታመመ ልጅ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፤ ደህና ተመግቦ የኖረ ልጅ አንድ ሁለት ቀን ምግብ ቢቀንስ ይችለዋል፤ የውሃን እጦት ግን አይችልም። ስለዚህ ማብላቱን ተዉት፣ አጠጡት፤ በግድ ግን አትጋቱት።

የሚጠጣው ደግሞ ለስላሳ ወይም ጁስ አይደለም፤ ስኳራቸው ስለሚበዛ ተቅማጡን ያብሱታል። የሚሰጠው በፋርማሲ የሚሸጠው፣ በአገር ቤት በየጤና ጣቢያው በፓኬት የሚታደለው ኦአርኤስ ነው። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ አንጀት ስኳሩን ሲስብ ጨውን አብሮ ይስባል፣ ውሃም ይከተላል። ይህ በተቅማጥ መካከልም ይሠራል። ፓኬት ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል፤ ጨው ማብዛት ግን አደገኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ከኦአርኤስ ጋር የዚንክ እንክብል እንዲሰጥ መክረዋል፤ ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን።

እናም ሌሊቱን ሰዓት ይዘን ተቀመጥን። በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ፤ 5 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በሰዓት ሲደመር ግን 150 ሚሊሊትር ይሆናል። ሲያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ጠብቀን ቀስ ብለን እንቀጥላለን። ምንም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ግን ሳንውል ሳናድር ሐኪም ቤት እንድንሮጥ ተነግሮናል።

በየሁለት ደቂቃው መካከል ሰው ብዙ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2008 የበልጉ ዝናብ ቀርቶ በደቡብና በኦሮሚያ አካባቢዎች ለተጎዱ ሕፃናት የምግብ ሕክምና ጣቢያዎች በተከፈቱበት ወቅት፣ እኛ በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርን። አንድ ወጣት ሪፖርተር ከወላይታ ተመልሶ ዘገባ አቀረበልን። በዘገባው ውስጥ እናቱ እቅፍ ላይ ሆኖ ከተዘረጋለት ምግብ ፊቱን ያዞረ ሕፃን ነበር። በእንዲህ ያለው ጣቢያ ለተጎዳ ልጅ መጀመሪያ የሚደረግለት የምግብ ፍላጎት ፈተና ነው፤ ፕላምፒነት የሚባለው የለውዝ ቅቤ መሰል ምግብ ይሰጠዋል። ከበላ ሳምንታዊ ድርሻው ተይዞለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እምቢ ካለ ግን አደጋ ላይ ነውና ተኝቶ እንዲታከም ይደረጋል። ሪፖርተሩ ይህንን በሚገባ ጽፎት ነበር።

ያን አንቀጽ ቆረጥነው። «ረሃብ» የሚለውንም ቃል «የምግብ እጥረት» አልነው። ማንም አልደወለልንም፣ ማንም አላዘዘንም። በኋላ ለስደት ስንበቃ «የሳንሱር ሰለባ ነን» ብለን በየስብሰባው ተናግረናል፤ ያ አንቀጽ ግን የተቆረጠው በገዛ እስክሪብቷችን ነው። ልጁ ይዳን አይዳን አላወቅንም፤ በጊዜውም አልጠየቅንም።

እውነቱን ለመናገር መልካሙንም መደበቅ አይገባም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በዚህ ውስጥ በየቀበሌው የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ድካም አለበት። መንግሥትን መቃወም የእነሱን ልፋት መካድ አይደለም። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተካሄደው ጦርነት የስንቱን ጤና ጣቢያ እንዳወደመ ስናስብ ደግሞ ያ ልፋት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚናድ እንረዳለን።

ሊነጋ ሲል ዳይፐሩ ረጠበ። ባለቤታችን እንደ ሎተሪ ዕጣ ከፍ አድርጋ አሳየችን። ረፋዱ ላይ ልጁ ከእኛ ሳህን ደረቅ ዳቦ በጣቱ አመለከተ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቆረስንለት፤ በላት። ከዚያ ወዲህ እንደተመከርነው ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ እየሰጠን የቀነሰውን አስመለስንለት። ለአማታችንም ደውለን የኦአርኤሱን ነገር በዝርዝር ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ይህን ያኔ ማን ነግሮን» አሉ።

መንገር የእኛ ሥራ ነበር።

ቸር ይግጠመን።