ከመርፌው በኋላ ያሉት ሳምንታት

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በጎዛምንም ሆነ በማቻከል፣ የጤፍ አረም ሲደርስ ሰው አጎንብሶና ቁጢጥ ብሎ ይውላል። ዳገት ቁልቁለቱ፣ ሸክሙና ስግደቱም አለ። ዕድሜ ሲገፋ ብዙ እናቶች ከበርጩማ ሲነሡ ጉልበታቸው ይንቋቋል፤ ጠዋት ይገትራቸዋል፤ ጥቂት ሲራመዱ ደግሞ ይፍታታል። ቁልቁለት መውረድ ከዳገቱ ይብስባቸዋል።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ካርቲሌጅ እየሳሳ ይሄዳል፤ መገጣጠሚያውም ይቆጣል። ክኒንና ቅባት አላስታግስ ሲሉ መርፌ ይታዘዛል። በብዛት የሚሰጠው ትራያምሲኖሎን ወይም ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ብግነት አብራጅ ስቴሮይድ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ሆላንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ሃይድሮኮርቲሶንን መገጣጠሚያ ውስጥ ወግቶ ያገኘውን ውጤት ካሳተመ ወዲህ ሕክምናው በዓለም ተስፋፍቷል።

ታካሚዋ እግራቸውን ዘርግተው ይተኛሉ። ሐኪሙ የጉልበት ሎሚውን ጠርዝ በጣቱ ዳስሶ ቦታውን ይለያል፤ ቆዳውን በአዮዲን ወይም በአልኮል ያጸዳና መርፌውን ከጎን በሎሚው ሥር ያስገባል። ጉልበቱ ውኃ ቋጥሮ ከሆነ አስቀድሞ ይቀዳል። የወጣው ፈሳሽ ነጣ ያለ ቢጫና ጥርት ያለ ከሆነ መድኃኒቱ ይገባል። ከደፈረሰና መግል ከመሰለ ግን ስቴሮይዱ ይቀራል፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ፈሳሹ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

እፎይታው ለሳምንታት ነው፤ የሳሳውን ካርቲሌጅ አይመልስም።

ደጋግሞ መወጋት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በአሜሪካ 140 ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ለ2 ዓመት በየ12 ሳምንቱ ትራያምሲኖሎን የተወጉትን የጨው ውኃ ከተወጉት ጋር አነጻጽሯል። በሕመሙ ረገድ ልዩነት አልታየም፤ ስቴሮይድ የተወጉት ግን ካርቲሌጃቸው ይበልጥ ሳሳ። ሐኪሞችም በአንድ ጉልበት ላይ ከ3 ወር ባነሰ ጊዜ መድገምን አይመክሩም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ 156 ታካሚዎችን የያዘ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1 ዓመት በኋላ ፊዚዮቴራፒ የወሰዱት መርፌ ከተወጉት ይልቅ ሕመማቸው ቀንሶ፣ እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሎ አግኝቷቸዋል።

ስኳር ያለበት ሰው ሳይወጋ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ መርፌው ለጥቂት ቀናት የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ከተወጉ በኋላ ጉልበቱ ካበጠ፣ ካተኮሰና ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

መርፌው ያስገኘው ፋታ የጭን ጡንቻ የሚጠነክርበት ጊዜ ነው። ጠንካራ ጭን ከጉልበት ላይ ጫና ያቃልላልና። የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ቀናት ከከባድ ሥራ አርፎ፣ ከዚያ መደብ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ ለ5 ሰከንድ ያህል ይዞ ቀስ ብሎ ማውረድ፣ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ መደጋገም ይቻላል።