የቀድሞዎቹና አዲሶቹ የእግር ኳስ ጌሞች፤ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጌም ቤቶች ምን ተለወጠ?

በአዳማ ከተማ በትምህርት ቤቶች፣ በገበያና በመናኸሪያ አካባቢዎች ፕሌይስቴሽን ቤት ወይም ጌም ቤት በመባል የሚታወቁ አነስተኛ የመዝናኛ ቤቶች ይገኛሉ። ከቢሾፍቱና ከሞጆ አንስቶ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አልፎ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞችም ቤቶቹ የተለመዱ ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበርና ፕሌይስቴሽን የተባለው የሶኒ ኩባንያ መሣሪያ ካለ ሥራው ይጀመራል። ተጫዋቹ የሚከፍለውም በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው።

ቤቶቹ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ላይ የሚነሱት በአብዛኛው በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ስለሚታዩ አዋኪ ድርጊቶች ውይይት በሚካሄድበት ወቅት ሲሆን፣ ከጫትና ከሺሻ ቤቶች ጋር በአንድ ተርታ ይጠቀሳሉ። የንግድ ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ፣ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ስለ ግብር፣ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከክፍል ስለቀረው ተማሪ ይጠይቃሉ። በቴሌቪዥኑ ላይ ስለሚታየው ጨዋታ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። ሁሉም ያው ኳስ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ባለፉት 20 ዓመታት በአንድ ስም ሲጠራ የኖረው ጌም በባሕርይው ተለውጧል። የቀድሞው እትም አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያበቃ ዕቃ ነበር፤ የአሁኑ ከተገዛም በኋላ ገንዘብ መጠየቁን የሚቀጥል አገልግሎት ሆኗል። ፈቃድ የሚሰጠውም ሆነ ቁጥጥር የሚያካሂደው ባለሙያ ይህን ልዩነት ካላወቀ፣ ጉዳት የሌለውን ሊዘጋ፣ ሊጠየቅ የሚገባውን ደግሞ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ከፕሌይስቴሽን መምጣት በፊት የእነዚህ ከተሞች ልጆች በጎዳና ዳር ጆተኒ ይጫወቱ ነበር። ጆተኒ ፊት ለፊት የቆሙ ተጋጣሚዎችን፣ ዙሪያውን የከበቡ ተመልካቾችንና ተራ ጠባቂዎችን በአንድ ቦታ ያሰባስባል። ጌም ቤት የወረሰውም ይህንኑ ሥርዓት ነው። የተሸነፈ ይነሳል፣ ባለተራው ይቀመጣል፤ በአንዳንድ ቤቶችም ሒሳቡን የሚከፍለው ተሸናፊው ነው።

የጌሞቹ ታሪክ ሁለት መስመሮች አሉት። የአሜሪካው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ኩባንያ የመጀመሪያውን የፊፋ ጌም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዲስ እትም ለገበያ ሲያቀርብ ቆይቷል። የጃፓኑ ኮናሚ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1995 ዊኒንግ ኢለቨን በሚል የጀመረውን ተከታታይ ጌም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአውሮፓ ገበያ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር፣ በአጭሩ ፔስ፣ በሚል ስያሜ አቅርቦታል። ሁለቱን ተፎካካሪዎች በስፋት ያዳረሳቸው እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ነው። ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ይህ መሣሪያ ዲስክ ተቀብሎ ከማጫወት በቀር ሌላ ነገር የማይጠይቅ በመሆኑ ኢንተርኔት ላልደረሰበት ከተማ የተመቸ ነበር። የተጫዋቹ ውጤት የሚቀመጠውም 8 ሜጋባይት በምትይዝ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው።

በዚያን ዘመን በሁለቱ ጌሞች መካከል የነበረው ልዩነት ዛሬም ድረስ ክርክር ያስነሳል። ፊፋ የክለቦችንና የሊጎችን እውነተኛ ስም፣ ዓርማና ማሊያ ለመጠቀም የሚያስችል ውል ነበረው። ኮናሚ ግን ከብዙዎቹ ክለቦች ጋር ውል ስላልነበረው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ፔስ 6 ሊቨርፑልን መርሲሳይድ ሬድ፣ ቼልሲን ደግሞ ለንደን ኤፍሲ በማለት ለመሰየም ተገዷል። ተጫዋቹ ግን በስሙ አልተታለለም፤ ቀዩን ማሊያ አይቶ ማን እንደሆነ ያውቃል። ብዙዎች ፔስን የመረጡት ኳሱ ከተጫዋቹ እግር ጋር የተጣበቀ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚንከባለል ስለሚመስል፣ ቅብብሉም ስሕተት ስለሚያስተናግድ ነበር። በዚያው እትም ብራዚላዊው አድሪያኖ በግራ እግሩ የሚመታው ኳስ ከርቀት መረብ ስለሚነካ፣ የእርሱን ቡድን ኢንተር ሚላንን ቀድሞ መምረጥ ራሱን የቻለ ሽኩቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የብልጫው ሚዛን ወደ ፊፋ አዘነበለ። ቀድሞ በስምንት አቅጣጫዎች ብቻ ይንቀሳቀስ የነበረው ተጫዋች በፊፋ 10 በየትኛውም አቅጣጫ ኳስ መግፋት ቻለ። በፊፋ 12 የተጫዋቾች ግጭትና መውደቅ እንደየሁኔታው የሚለያይ ሆነ። ፊፋ 16 የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖችን፣ ፊፋ 23 ደግሞ የሴቶች ክለቦችን አካተተ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ፊፋ 22 ልዩ ልብስ ለብሰው ሙሉ ግጥሚያ ካደረጉ 22 ተጫዋቾች የተወሰደ እንቅስቃሴን ተጠቅሟል። ኮናሚ በዚሁ ዓመት ፔስ የሚለውን ስም ትቶ ኢፉትቦል የተሰኘ በነፃ የሚወርድ ጌም ቢያወጣም፣ ጌሙ ሳይጠናቀቅ በመቅረቡ ከተጫዋቾች ከፍተኛ ትችት ገጥሞታል።

አዲስ ሁሉ የተሻለ ነው ማለት ግን አይደለም። ለፕሌይስቴሽን 2 የተዘጋጀው የመጨረሻው የፊፋ እትም ፊፋ 14 ሲሆን፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለዚህ መሣሪያ የወጡት እትሞች በመሠረቱ የዝውውር ዝርዝርና የማሊያ ለውጥ ብቻ የተደረገባቸው ነበሩ። ለፕሌይስቴሽን 3 የመጨረሻ የሆነው ፊፋ 19ም ከዚሁ የተለየ አልነበረም። በየዓመቱ አዲስ ዲስክ ያልገዛ የጌም ቤት ባለቤት ወደ ኋላ እንደቀረ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ለአዲስ ማሊያ ሙሉ ዋጋ አለመክፈሉ የሒሳብ ዕውቀት ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም በዚህ የእትሞች ታሪክ ውስጥ አንድ ቦታ አለው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ እ.ኤ.አ. በ2014 ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ባዘጋጀው ልዩ እትም በማጣሪያው የተሳተፉትን 203 ብሔራዊ ቡድኖች በሙሉ አካቷል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ዙር ማጣሪያ የደረሰው የኢትዮጵያ ቡድንም ከእነዚህ አንዱ ነበር። እትሙ ለፕሌይስቴሽን 3ና ለኤክስቦክስ 360 ብቻ የተሠራ በመሆኑ ግን በፕሌይስቴሽን 2 ሊከፈት አልቻለም፤ በኋላ በመጣው ፕሌይስቴሽን 4ም አይሠራም። በፊፋ 23 ኢትዮጵያ የለችም። አዲስ መሣሪያ የገዛ ሰው የአገሩን ማሊያ የያዘውን እትም ከአሮጌው መሣሪያ ጋር አብሮ ጥሎታል ማለት ነው።

ለባለሙያዎች ይበልጥ ትኩረት የሚያሻው ለውጥ ከሜዳው ውጭ የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በፊፋ 09 ላይ የተጨመረው አልቲሜት ቲም የተባለው የጨዋታ ዓይነት ተጫዋቹ የራሱን ቡድን በካርዶች እንዲገነባ ያደርጋል። ካርዶቹ በታሸገ ጥቅል ይቀርባሉ። ጥቅሉ በጨዋታ በሚገኝ ነጥብ ወይም በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል፤ በውስጡ ታዋቂ አጥቂ ይኑር ወይም ተራ ተከላካይ የሚታወቀው ከተከፈተ በኋላ ነው። ቡድኑ ቢሟላም በሚቀጥለው ዓመት አዲስ እትም ሲወጣ ከባዶ ይጀመራል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 የበጀት ዓመት ከዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ብቻ በስፖርት ጌሞቹ በጠቅላላ 1 ነጥብ 62 ቢሊዮን ዶላር ማግኘቱን አስታውቋል።

አሠራሩ ዕጣ ነው ወይስ ጨዋታ የሚለው ጥያቄ በየአገሩ የተለያየ መልስ አግኝቷል። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙ እንዲህ ያሉ ጥቅሎች የቁማር ሕግን ይጥሳሉ የሚል አቋም በመያዙ፣ ኩባንያው በዚያ አገር የነጥብ ሽያጩን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 አቋርጧል። በኔዘርላንድስ ግን ተቆጣጣሪው በኩባንያው ላይ የጣለውን የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ሽሮታል። ጥቅሎቹ ራሳቸውን የቻሉ ቁማር ሳይሆኑ የአንድ የችሎታ ጨዋታ አካል ናቸው የሚል ምክንያት ሰጥቷል። ይህ ጸሐፊ የቤልጂየሙን አቋም ወደ እውነታው የቀረበ ሆኖ ያገኘዋል፤ ምን እንደሚገዛ ሳያውቅ የሚከፍለው ሰው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ሲሆን የችሎታው ጉዳይ ሩቅ ነው።

ጉዳዩ የአውሮፓውያን ብቻ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ሶኒ የኦንላይን መደብሩን ለመጠቀም በሚያስመዘግብባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። አዲሱን እትም ከኢንተርኔት ጋር አያይዞ መጫወት የሚፈልግ ሰው ነዋሪነቱን በሌላ አገር አስመስሎ አካውንት ይከፍታል፤ ክፍያውንም በውጭ አገር ባለ ዘመድ ወይም በሻጮች በኩል በሚገዛ የቅድመ ክፍያ ካርድ ይፈጽማል። ዋጋው በውጭ ምንዛሪ የተተመነ በመሆኑ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲሰላ ይበልጥ ከብዷል። ገንዘቡ የተበላበት ወይም አካውንቱ የተዘጋበት ደንበኛ አቤት የሚልበት የአገር ውስጥ ቢሮ የለም።

የመሠረተ ልማቱም ጉዳይ አለ። የፕሌይስቴሽን 2 አንድ ተራ ዲስክ ቢበዛ 4 ነጥብ 7 ጊጋባይት የሚይዝ ሲሆን፣ የአሁኖቹ እትሞች በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ይፈልጋሉ፤ በላዩ ላይም በየጊዜው ማሻሻያ ይወርዳል። መብራት በመሐል ሲጠፋ ማውረዱ ይቋረጣል። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ መገኘቱ በዚህ ረገድ ለጌም ቤቱ የሚያተርፍለት ነገር የለም። የነፋስ ኃይል ማመንጫ ያስተከለው የከተማዋ ነፋስም አቧራውን ወደየቤቱ ያስገባል፤ የማቀዝቀዣ ማራገቢያቸው አየር የሚስብ አዳዲስ መሣሪያዎች በአቧራ ሲታፈኑ ይሞቃሉ፣ ይጠፋሉም። አሮጌው መሣሪያ ግን ሌንሱ ከተጠረገ ዓመታት ያገለግላል።

በጌም ቤቶች የቆዩ እትሞች መብዛታቸው በእነዚህ ምክንያቶች እንጂ በድህነት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ለሚቀመጡ ሁለት ጎረምሶች የሚያስፈልገው ቶሎ የሚከፈት፣ ሁለት ጆይስቲክ የሚቀበልና ውጤቱ በደቂቃዎች የሚታወቅ ጨዋታ ነው። ለዚህ ዓላማ የቆየው እትም ከአዲሱ አያንስም። አዲሱም ቢሆን አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት ማጫወት ስለሚችል፣ በበርካታ ቤቶች አገልግሎቱ ከጆተኒው ዘመን ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው መሣሪያው ከኢንተርኔት ሲያያዝ ነው።

በመሆኑም ወደ ጌም ቤት የሚሄድ ተቆጣጣሪ ከፈቃዱ፣ ከሰዓቱና ከትምህርት ቤቱ ርቀት ሌላ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መሣሪያው ከኢንተርኔት ተያይዟል ወይ? አካውንቱ የማን ነው? ደንበኞች የካርድ ጥቅል ይገዙበታል ወይ? ከገዙስ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው? መልሱ አይደለም የሆነበት ቤት የችርቻሮ መዝናኛ ነው፤ የተማሪ መግቢያ ሰዓት ከተከበረ ብዙ የሚያሳስብ ነገር የለውም። አዎን የሆነበት ቤት ግን ከዕጣ ሽያጭ ጋር የሚቀራረብ ሥራ እየሠራ ስለሆነ በመዝናኛ ፈቃድ ብቻ መታየቱ አጠያያቂ ነው። ሁለቱን በአንድ ዘመቻ አሽጎ መሄድ በአነስተኛ ገንዘብ ራሱን ሥራ ያስገባውን ወጣት ከመጉዳት በቀር የሚያመጣው ውጤት አይኖርም።

ሌላው አስቸጋሪ ጉዳይ ጌም ቤቱን ጨርሶ የሚያልፈው ነው። ኢፉትቦልና የኤሌክትሮኒክ አርትስ የሞባይል ጌም በነፃ በስልክ የሚወርዱ ሲሆኑ፣ በውስጣቸው ያው በዕጣ የሚከፈት የተጫዋች ካርድ ይሸጣል። በዚህ ሁኔታ ፈቃድ የሚጠየቅ ባለቤትም ሆነ የሚታሸግ በር የለም፤ የሚያየው ወላጅ ብቻ ነው፣ እርሱም ስልኩን ሲያይ የሚታየው ኳስ ነው።

የስያሜውም ነገር ተለዋውጧል። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለሦስት አሥርት ዓመታት የዘለቀው ስምምነታቸው እንደሚያበቃ እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 ያስታወቁ ሲሆን፣ ፊፋ 23 በዚህ ስም የወጣ የመጨረሻ እትም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ሲተካው የቀድሞዎቹ የፊፋ እትሞች ከኦንላይን መደብሮች ተነስተዋል። ፌዴሬሽኑ ደግሞ በዲሴምበር 2024 በሪያድ ያካሄደው የኤሌክትሮኒክ ስፖርት ዓለም ዋንጫ በቀድሞው ተፎካካሪ፣ በኮናሚው ኢፉትቦል ላይ የተደረገ ነበር። ከመደብር የተነሱት እትሞች ዛሬ በዲስክ በያዟቸው ሰዎችና በየሰፈሩ ጌም ቤቶች መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ፤ ለመከፈትም የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም።