ግድግዳ ለምን ይሰነጠቃል? ከግንበኛው አባቴ የተማርኩት

በዚህ ዕትም ስለ ግንበኛ ሥራ ልጽፍላችሁ ነው። አባቴ እዚሁ አዳማ ውስጥ መኖሪያ ቤት የሚሠራና የሚጠግን ግንበኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ሳደርስለት ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፤ ያልገባኝን እጠይቀዋለሁ።

ርዕሱን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ ታስታውሳላችሁ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት የደረሰው በሬክተር ስኬል ከ5 በላይ ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እኛ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የሸለቆው ግራና ቀኝ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃል። ስለዚህ መሬቱ ወደፊትም መንቀጥቀጡ አይቀርም። ታዲያ አንዱ ቤት ሲሰነጠቅ ጎረቤቱ ያለው ለምን ይተርፋል? አባቴን ስጠይቀው “መልሱ ከመሬት በታች ነው የሚጀምረው” አለኝ።

1ኛ. መሠረት

መሠረት የሚቆፈረው ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ድረስ ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤት ካረፈበት ቤቱንም አብሮ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ስለዚህ ተቆፍሮ ይወጣል። አዲስ የተሞላ አፈርም በደንብ ካልተጠቀጠቀ ይሰምጣል።

2ኛ. ማሰር

የመሠረት ግንብ ብዙ ጊዜ 50 ሳ.ሜ. ያህል ውፍረት አለው። ፊቱም ሁለት ነው፤ የውጭና የውስጥ። የሚቸኩል ሰው ሁለቱን ፊት አሳምሮ መሃሉን በጠጠር ይሞላዋል። ሲያዩት ያምራል፤ ሲነቃነቅ ግን ለሁለት ይከፈላል። አባቴ በየመሃሉ ከውጭ እስከ ውስጥ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ያስገባል። ሁለት ድንጋዮች የተገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የሌላ ድንጋይ መሃል ያርፋል። መገጣጠሚያዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ከወረዱ ስንጥቁም በዚያው መንገድ ይወርዳል። ከመሠረቱ በላይ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ይዞርና ቤቱን እንደ መቀነት ያስረዋል።

ግድግዳ ማሰር በአገራችን የቆየ ጥበብ ነው። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ድንጋዩን በእንጨት ያስሩት ነበር። ከግድግዳው ወጣ ብለው የሚታዩት የእንጨት ጫፎች “የዝንጀሮ ራስ” ይባላሉ። በደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይገኛሉ።

3ኛ. ውሃ

ብዙዎቻችን ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለሚደርቅ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም! ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነው። ውሃው ቶሎ ከተነነ ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። አዳማ ደግሞ ፀሐዩም ነፋሱም ብርቱ ነው፤ ከከተማችን አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ አዲስ ግንብ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። በጣም የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል።

ስለ ጥገናስ?

ከመንቀጥቀጡ በኋላ አባቴን ብዙ ሰው ይጠራው ነበር። አንዲት እናት “ልጄ፣ ተከራይ ሳይመጣ ቶሎ ልስን አድርግልኝ” አሉት። እሱም “እማማ፣ ልስን ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ነገ ቢወድቅ የሚያርፈው ተከራዩ ልጅ ላይ ነው” አላቸው። የዕለቱ ገቢ ቢቀርበትም ያን ቀን አልለሰነም። ዞር ብሎ ሲያይ የጣሪያው ውሃ ማዕዘኑ ሥር እየወረደ መሠረቱን ሸርሽሮታል። ከሳምንት በኋላ እማማ ራሳቸው ጠሩት። መጀመሪያ ውሃው ሌላ አቅጣጫ ያዘ፣ ቀጥሎ መሠረቱ ተጠገነ። ከዚያ የላላው ሲሚንቶ ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ ስንጥቁን የሚያቋርጡ ድንጋዮች ገቡ። ልስን የመጨረሻው ነበር።

እናንተም ቤታችሁን መመርመር ትችላላችሁ። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አያሰጋም። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ግን ትኩረት ይፈልጋል። ስንጥቁ ላይ አግድም ቀጭን ወረቀት በሙጫ ወጥራችሁ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ከቀናት በኋላ ወረቀቱ ከተቀደደ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። ያኔ ለቤተሰብ ንገሩ፤ ባለሙያ ይጠራ። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወይም ያዘነበለ ግድግዳ ካያችሁ ግን ወረቀት አትለጥፉ፤ ከአጠገቡ ራቁ።

አንዳንድ ልጆች ግንበኛን “ድንጋይ ተሸካሚ” ይሉታል። የአባቴ እጅ በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ማታ ማታ ወገቡን ያመዋል። ግን ቱንቢውን አንጠልጥሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲለካ ሒሳብና ሳይንስ እየሠራ ነው። እኛም ተኝተን የምናድረው እንደሱ ያሉ ሰዎች ያልቸኮሉባቸው ግድግዳዎች ሥር ነው።

ለዛሬ ይብቃኝ። ቸር እንሰንብት!