ሞተሩ ቢጠፋ ሄሊኮፕተር ይወድቃልን?

በሄሊኮፕተር ተሳፍረው ሳለ ሞተሩ ድንገት ዝም ቢል ምን ያስባሉ? ብዙ ሰው «አውሮፕላን እንኳ ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፋል፤ ይህ ግን እንደ ድንጋይ ይወድቃል» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ብስክሌት ሲነዱ ፔዳሉን መምታት ቢያቆሙ ጎማው መዞሩን አይተውም። በሄሊኮፕተርም ሞተሩ ሲጠፋ፥ ከላይ የሚሽከረከሩትን ክንፎች ከሞተሩ የሚያላቅቅ እንዲህ ያለ መሣሪያ አለ። አብራሪው በግራ እጁ የያዘውን ማንሻ ወዲያው ዝቅ ሲያደርግ ክንፎቹ ጋደም ይላሉ፤ ቁልቁል ሲወርድም ከታች የሚመጣው ነፋስ ያሽከረክራቸዋል። ይህም ኦቶሮቴሽን ይባላል። በነፋስ ብቻ የሚሽከረከር ክንፍ ሰው ሊሸከም እንደሚችል ያሳየው ስፔናዊው መሐንዲስ ሁዋን ዴ ላ ሲዬርቫ ሲሆን፥ የሠራው ኦቶጂሮ በ1923 እ.ኤ.አ. ማድሪድ አጠገብ በረረ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የፈረንሳዊው የዣን ቡሌ ታሪክ ነው። ጁን 21 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. ላማ በተባለ ሄሊኮፕተር 12,442 ሜትር ከፍታ ደረሰ፤ ይህ ከራስ ዳሸን ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ለመውረድ ጉልበቱን ሲቀንስ ሞተሩ ጠፋ። ቡሌ ያን ሁሉ መንገድ ያለ ሞተር ወርዶ በሰላም አረፈ!

መውረዱስ ቀላል ነው፤ ጭንቁ ማረፉ ነው። መሬት ሲቃረብ አብራሪው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከዚያም ማንሻውን ይስባል፤ ክንፎቹም ያጠራቀሙትን ዙር በአንድ ጊዜ ያወጣሉ። የመሐንዲሱ ውሳኔ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከባድ ክንፍ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ዙሩን ቶሎ አይለቅም፤ ቀላሉ ግን ወዲያው ይደክማል። ሮቢንሰን አር 22 የተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ ሄሊኮፕተር ቀልጣፋ ነው፤ ዳሩ ግን ክንፎቹ ቀላል ስለሆኑ፥ ሞተሩ ሲጠፋ አብራሪው ማንሻውን ዝቅ የሚያደርግበት ጊዜ ከአንድ ሰኮንድ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህም የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በ1995 እ.ኤ.አ. ለአብራሪዎቹ ልዩ ሥልጠና ደነገገ። እርግጥ ከባድ ክንፍ ከጭነቱ ይሻማል፤ እኔ ብጠየቅ ግን ጥቂት ጭነት ትቼ ከባዱን እመርጣለሁ።

ዝቅ ብሎ መብረር ደኅና ይመስልዎታልን? በጥቂት ዐሥር ሜትር ከፍታ አየር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሄሊኮፕተር ሞተሩ ቢጠፋበት፥ ነፋሱ ክንፎቹን ከመያዙ በፊት መሬት ይቀድመዋል። አብራሪዎች ይህን የከፍታና የፍጥነት ወሰን «የሟች መስመር» ይሉታል። ቁስለኛ በገመድ የሚያነሡት ሄሊኮፕተሮች በዚሁ ክልል ውስጥ ቆመው መሥራት ግድ ስለሆነባቸው፥ ብዙዎቹ ሁለት ሞተር አላቸው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይዞ እንዲያወጣቸው።