ስክሪኑ «ባትሪው ሙሉ ነው» እያለ መብራቱ ለምን ይጠፋል?

መብራት ሲሄድ አምፑልና ዋይፋይ በባትሪ ማስነሳት ለቡሹሎም ሆነ ለመሃል ሀዋሳ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው በስክሪን ለማየት ደግሞ አንድ አርዱዪኖ ኡኖ ይበቃል። ግን አንዲት ሴቲንግ ከተረሳች ስክሪኑ ይዋሻል። ዛሬ እሷን እናያለን።

ቺፑ እንዴት ነው የሚለካው?

ማይክሮኮንትሮለር የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው። ከባትሪው የሚመጣውን ቮልት ወደ ቁጥር የሚቀይርለት ክፍል ኤዲሲ ይባላል። የኡኖ ኤዲሲ ባለ 10 ቢት ስለሆነ ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ይሰጣል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ኤዲሲ ቮልቱን ከሌላ ቮልት ጋር ነው የሚያነጻጽረው። ያ ሌላው ቮልት ሪፈረንስ ይባላል። እህል በጣሳ ስትሰፍሩ አስቡት፤ ጣሳው ካነሰ ቁጥሩ ይበዛል፣ እህሉ ግን ያው ነው።

ውሸቱ የሚመጣው ከየት ነው?

ምንም ካልነካችሁ ኡኖ ሪፈረንስ የሚያደርገው የራሱን 5 ቮልት ነው። በዩኤስቢ ሲሠራ ግን ይህ 5 ቮልት እንደ ቻርጀሩና እንደ ኬብሉ ይወርዳል።

እናስላው። የባትሪውን ቮልት በሬዚስተር ለ4 አካፍለን አስገባን እንበል። ባትሪው 12.0 ቮልት ከሆነ 3 ቮልት ይገባል። ሪፈረንሱ 4.6 ቮልት ላይ ከወረደ ኤዲሲው 667 ይሰጣል። ኮዱ ግን ሪፈረንሱን 5 ብሎ ስለሚያባዛ ስክሪኑ ላይ 13.0 ቮልት ይወጣል!

ይሄ ትንሽ ስህተት አይደለም። የሊድ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.7 ቮልት አካባቢ ነው፤ 12.0 ላይ ከደረሰ አብዛኛው ቻርጅ አልቋል። «ገና ሙሉ ነው» ብላችሁ ስትጠቀሙበት ዕድሜው ያጥራል፤ ባትሪ ደግሞ ርካሽ ዕቃ አይደለም።

መፍትሔው

1. ቺፑ ውስጥ ያለውን 1.1 ቮልት ሪፈረንስ ተጠቀሙ። ኮዱ ላይ አናሎግ ሪፈረንስ የሚለውን ትዕዛዝ ኢንተርናል አድርጉት። ይህ የዩኤስቢው ቮልት ሲወርድ አብሮ አይወርድም።

2. ሬዚስተሮቹን ቀይሩ፤ አሁን ከ1.1 ቮልት በላይ ማንበብ አይቻልም። ከባትሪው ፖዘቲቭ 100 ኪሎ ኦም፣ ወደ ግራውንድ 6.8 ኪሎ ኦም አድርጉ። የባትሪው ኔጌቲቭ ከአርዱዪኖው ግራውንድ ጋር ይገናኝ። 12 ቮልት 0.76 ቮልት ሆኖ ይገባል።

3. ሪፈረንስ ከቀየራችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ንባቦች ጣሉ፤ ልክ ላይሆኑ ይችላሉ። ከዚያ 16 ጊዜ አንብቡና አማካዩን ውሰዱ። አንዱ ንባብ 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ መዘግየቱ አይታወቃችሁም።

4. በቴስተር አስተካክሉ። 1.1 የሚባለው ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፤ ከ1.0 እስከ 1.2 ሊሆን ይችላል። ባትሪውን በቴስተር ለኩና ውጤቱን ኤዲሲው ለሰጠው ቁጥር አካፍሉ። ቴስተሩ 12.0 ብሎ ኤዲሲው 711 ከሰጠ ማባዣችሁ 0.01688 ነው። ኮዱ ላይ እሱን ጻፉ፤ የሬዚስተሮቹም ልዩነት አብሮ ይስተካከላል።

ጥንቃቄ!

ባትሪውን በቀጥታ ከአርዱዪኖው አናሎግ ፒን ጋር አታገናኙ፤ 12 ቮልት ቺፑን ያቃጥለዋል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ አድርጉ። ይህ አሠራር ለባትሪ ብቻ ነው፤ የግድግዳውን 220 ቮልት በዚህ መንገድ ለመለካት ፈጽሞ አትሞክሩ፣ ይገድላል።

ባትሪ መለኪያ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ስክሪኑን ከማመኑ በፊት አንዴ በቴስተር ያመሳክር።