ዓሣ እንዴት እንደሚዋኝ፤ ስለ ኅብለ ሰረሰርም ሥራ

ዓሣን በጠራ ውሃ ውስጥ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፥ ገላው ከራሱ ጀምሮ እስከ ጅራቱ ድረስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በተራ ይታጠፋል፤ ያም መታጠፍ እንደ ማዕበል ከፊት ወደ ኋላ እየተላለፈ ውሃውን ሲገፋው ዓሣው ወደ ፊት ይሄዳል። ይህን ለተማሪዎቹ ለማሳየት የሚወድ መምህር ረዘም ያለ ገመድ በመሬት ላይ ዘርግቶ አንዱን ጫፍ ቢያወዛውዝ ይበቃዋል።

ለእያንዳንዱ መታጠፍ ትእዛዝ የሚሰጠው ማን ነው ቢባል፥ ብዙ ሰው «አንጎል ነዋ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ከፊሉ እውነት ነው፤ የሚበልጠው ሥራ ግን የሚሠራው በጀርባ በተዘረጋው የነርቭ ገመድ፥ ማለት በኅብለ ሰረሰር ነው።

ይህም በግምት የተነገረ አይደለም። ቶማስ ግራሃም ብራውን የተባለ ሊቅ በ1911 ዓ.ም. (የዓመቱ ቍጥር እንደ ፈረንጆች ነው) የድመት ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ተለይቶ፥ ከእግር የሚመጣውም ስሜት ተቋርጦ ሳለ፥ የመራመድን ተራ ሊያወጣ እንደሚችል አሳየ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ አቪስ ኮኸንና ፒተር ቫሌን ላምፕሬ የሚባለውን፥ በአገራችን ውሃ የማይገኘውን፥ እባብ መሳይና መንጋጋ የሌለው ዓሣ መረመሩ። ኅብለ ሰረሰሩን ከገላው አውጥተው በጨው ውሃ ውስጥ አኖሩት፤ የግሉታሜት ወገን የሆነ ማነቃቂያም ጨመሩበት። ጡንቻ የለ፥ ጅራት የለ፥ ራስ የለ፤ ነገር ግን ከገመዱ ግራና ቀኝ የሚወጡት ነርቮች ዓሣው ሲዋኝ እንደሚያደርጉት ሁሉ በተራ በተራ ምልክት ይልኩ ጀመር።

የላምፕሬ ኅብለ ሰረሰር መቶ ያህል ክፍል አለው። በእያንዳንዱ ክፍል ግራና ቀኝ የሚያነሣሡ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ እነርሱም በወገናቸው ያለውን ጡንቻ ያኮማትራሉ። ከነርሱም ጋራ የሚከለክሉ ሕዋሳት አሉ፤ የእነዚህ ክር ወደ ማዶ ተሻግሮ ተቃራኒውን ወገን ዝም ያሰኛል። ግራው ሲሠራ ቀኙ ዝም ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ግራው ሲደክም ክልከላው ይላላና ቀኙ ተራውን ይይዛል፥ እርሱም በፈንታው ግራውን ይከለክላል። በማኅሌት የግራና የቀኝ መዘምራን እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ያየ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ ልዩነቱ ግን በማኅሌት አንዱ ሌላውን በአክብሮት ይጠብቃል እንጂ አፉን አይዘጋውም።

እያንዳንዱም ክፍል ከፊቱ ካለው በጥቂቱ ይዘገያል፤ መዘግየቱም የአንድ ሙሉ ዙር መቶኛ እጅ ያህል ነው። ስለዚህ ዓሣው ቢፈጥንም ቢዘገይም በገላው ላይ አንድ ሙሉ ማዕበል ያህል ይገኛል። ደግሞም በገመዱ ጠርዝ መታጠፍን የሚያውቁ ሕዋሳት ስላሉ፥ ወራጅ ውሃ ገላውን ሲገፋው ተራው በዚያው ልክ ይስተካከላል።

አንጎልስ ምን ይሠራል? ተነሥ፥ ፍጠን፥ ዙር፥ ቁም ብሎ ያዝዛል፤ ዝርዝሩን ለገመዱ ይተዋል።

ነገሩ የዓሣ ወሬ ብቻ ቢሆን አንባቢን ባላደከምን። የሰውም ኅብለ ሰረሰር በታችኛው ክፍሉ እግርን የሚያንቀሳቅስ የነርቭ ስብስብ አለው። ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ወድቆ አከርካሪው የተሰበረ ሰው እግሩ የማይታዘዝለት፥ ብዙ ጊዜ የትእዛዙ መንገድ ስለ ተቋረጠ እንጂ ከስብራቱ በታች ያለው ነርቭ ሁሉ ስለ ሞተ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው በብብቱ ይዞ ለማቆም መጣደፍ ያልተቈረጠውን ሊቈርጥ ይችላል፤ አንገቱንና ጀርባውን ሳያጣምሙ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አጋድሞ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። በ2018 ዓ.ም. በስዊስና በአሜሪካ ያሉ ሐኪሞች በኅብለ ሰረሰር ላይ ቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል በሚያሳርፍ መሣሪያና በብዙ ልምምድ፥ ለዓመታት እግራቸው ሰንፎ ከነበሩት ሰዎች ጥቂቶቹ በድጋፍ እንዲራመዱ አድርገዋል።

ላምፕሬ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ኅብለ ሰረሰሩ ፈጽሞ ቢቈረጥ እንኳ የነርቮቹ ክር ቍስሉን ተሻግሮ እንደ ገና ያድግና፥ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሶ ይዋኛል።